ወለተ ጴጥሮስና የንጉሡ ሃይማኖት

የመንግሥትና የሃይማኖት ነገር ተነሥቶ እኛ ተማሪዎች በምንከራከርበት ጊዜ ምሳሌያችን ዘወትር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። አንዱ የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ 8ኛን ይጠራል፤ ሌላው የፈረንሳይን አብዮት ያነሣል። ይኸው ክርክር ግን ከ400 ዓመት በፊት በገዛ አገራችን፣ ያውም ከደብረ ታቦር በስተምዕራብ ባለው በጣና ዳር፣ ደም እስኪፈስበት ድረስ ተካሂዷል። ከባለጉዳዮቹም አንዷ፣ ስሟ በቆራጣ ገዳም ሲጠራ የሚኖረው ወለተ ጴጥሮስ ናት። ታሪኳን ባጭሩ መጻፋችን እርሷን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ ንጉሥ በሕሊና ላይ ሥልጣን አለው ወይ ለሚለው ጥያቄ ሕይወቷ ምስክር ስለሚሆን ነው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ግድም ከመኳንንት ወገን ተወለደች። አባቷና ወንድሞቿ በቤተ መንግሥት ባለሹመቶች ነበሩ። ገና በልጅነቷ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለሆነው ለመልክዐ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚህ በኋላ ልትመነኩስ ቈርጣ ከቤቷ ጠፋች። ገድሏ እንደሚተርከው ባሏ እርሷን ለማስመለስ ሲል አንድ ከተማ አጠፋ፤ እርሷም ወደ ቤቷ ለመመለስ ተገደደች።

እዚህ ላይ ስለ ንጉሡ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ የተቃዋሚውን ምክንያት ሳይሰሙ መፍረድ የተማረ ሰው ሥራ አይደለምና። ዐፄ ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. በጎጃም፣ ጎል በተባለው ስፍራ ዐፄ ያዕቆብን ድል አድርገው ዘውዱን ያዙ። አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ጦርነት ሞቱ። ከዚያ ቀደም ብሎ ዐፄ ዘድንግል ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ስላዘነበሉ አቡኑ ሠራዊቱን ከመሐላው ፈትተውት ነበር፤ ንጉሡም በጦርነት ወድቀው ቀሩ። እንግዲህ ሱስንዮስ የአቡን ቃል ዘውድ ሊገለብጥ እንደሚችል ዐይተው የነገሡ ሰው ናቸው። በግራኝ ጊዜ የፖርቱጋል ነፍጠኞች ያደረጉት እርዳታም ገና ከሰው ልብ አልጠፋም። በ1595 ዓ.ም. የገቡት ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ደግሞ ግዕዝና አማርኛ የተማሩ፣ ትዕግሥተኛና ብልኅ መምህር ነበሩ። ስለዚህ ንጉሡ ወደ ሮማ የዞሩት በእምነት ብቻ ሳይሆን ለዘውዳቸው ሌላ ድጋፍ ሲሹም ጭምር ይመስለናል።

የንጉሡ ዝንባሌ እየተገለጠ ሲሄድ አማቻቸው ዮልዮስ ሸፈተ፤ አቡነ ስምዖንም አብረውት ቆሙ። በ1609 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ሁለቱም ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ በጳጳሱ ሞት የባሏ እጅ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋር የነበራት ነገር አበቃ። በ25 ዓመቷ ጠጕሯን ተላጭታ መነኰሰች። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞቷ ያልተለየቻት እኅተ ክርስቶስ የተባለች መነኩሲት ነበረች። እንግዲህ የመንግሥት ሃይማኖት ጥያቄ አስቀድሞ የከፈለው ሸንጎውን ሳይሆን ያንዲትን ሴት ጎጆ ነው።

በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ። ወለተ ጴጥሮስም ሃይማኖታቸውን የለወጡትን በአደባባይ ትነቅፍ ነበርና ለፍርድ ቀረበች፤ ዘመዶቿ ታላላቅ ሰዎች ስለነበሩ በሕይወት ተረፈች። እርሷ ግን ወደ ዋልድባና ወደ ጸለምት ሄዳ ይባስ ብላ ታስተምር ጀመር። ትምህርቷም የፈረንጆችን ሃይማኖት አትቀበሉ በማለት ብቻ አልቆመም፤ በቅዳሴ የንጉሡ ስም እንዳይነሣ አሳሰበች። የዚህን ነገር ክብደት ልብ እንበል። በዚያ ዘመን ስሙ በቅዳሴ የማይነሣ ንጉሥ በሕዝብ ፊት ሕጋዊነቱ የተገፈፈ ነው። ወለተ ጴጥሮስ ጦር ሳትመዝ፣ ሰይፍ ሳትታጠቅ፣ አንድ ስም ከጸሎት በማስቀረት ንጉሠ ነገሥቱን ሻረች። ስለዚህ እንደ ገና ስትከሰስ ክሱ ዐመፅ ነበረ።

በዚያው ሰሞን ሮማ የሾመቻቸው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ በ1617 ዓ.ም. አገራችን ገቡ። በየካቲት ወር 1618 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ። ፓኤዝ በትዕግሥት የጀመሩትን ሜንዴዝ በትእዛዝ ሊፈጽሙት ፈለጉ። ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ገና እንዲባረኩ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ የበዓላትና የአጽዋማት ጊዜ እንዲለወጥ ተደረገ። የቅዳሜ ሰንበት ቀድሞውንም በዐዋጅ ተከልክሎ ነበር። ገበሬው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሊቃውንቱን ክርክር ላይከታተል ይችላል፤ የልጁ ጥምቀት ከንቱ ነው፣ የአባቱ ጾም ስሕተት ነው ሲባል ግን ነገሩ ቤቱ ድረስ ገባበት።

ንጉሡ ወለተ ጴጥሮስን በሞት ሊቀጧት ባሰቡ ጊዜ የለመነላት ያው የተወችው ባሏ ነው፤ ከምትሞት ትማር ብሎ አሳመናቸው። ገድሏ እንደሚለው ሜንዴዝ ራሳቸው ሦስት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ሊያስተምሯት ደከሙ፤ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ በሱዳን ጠረፍ ወዳለው ወደ ዠበይ በረሓ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ነገር ግን ግዞቱ ዝም አላሰኛትም፤ ከአዲሱ ሃይማኖት የሸሹ ሰዎች እየተከተሏት የመጀመሪያው ማኅበሯ እዚያው ተቋቋመ። በዕድሜዋ ሰባት ማኅበራት መሠረተች፤ ወንድ አለቃ ሳይሾምባትም ራሷ መራቻቸው።

በሌላ በኩል ላስታ ሸፍቶ ነበር። በሰኔ ወር 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ የሞተው ግን ብዙ ሺሕ ነው። መኳንንቱ ሬሳውን እያሳዩ የወደቁት ክርስቲያኖችና የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ዐፄ ሱስንዮስም የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆዩም ሞቱ። መቃብራቸው በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ነጻነት አሸነፈ ብለን እናጨበጭብ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካገር አስወጡ፤ በካቶሊክነታቸው የጸኑት አጎታቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ተግዘው ተገደሉ፤ በ1630 ዓ.ም. ሁለት የካፑሲን መነኮሳት በጎንደር ተሰቀሉ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊም በ1660 ዓ.ም. በጉባኤ ባስወሰኑት ዐዋጅ እስላሞችና ፈላሾች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ፣ የፈረንጅ ወገኖችም ካልተመለሱ እንዲወጡ አደረጉ። ትናንት ሃይማኖታችንን አትንኩብን ይል የነበረ ሁሉ ዛሬ የሌላውን ነካ። ወለተ ጴጥሮስም ብትሆን ለካቶሊኮች ነጻነት የተከራከረች አይደለችም፤ የእነርሱን ትምህርት ክሕደት ነው ብላ ታምን ነበር። በአውሮፓም በዚያው ዘመን ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ በ30 ዓመቱ ጦርነት ይተላለቁ ነበርና፣ ይህ የአገራችን ጉድለት ብቻ አልነበረም።

ወለተ ጴጥሮስ ሦስት ወር ታማ በ50 ዓመቷ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። እኅተ ክርስቶስ እስከ 1641 ዓ.ም. ማኅበሩን መርታ ሞተች። ከዚያ ወዲያ ዐፄ ፋሲለደስ በሰጡት መሬት የቆራጣ ገዳም በስሟ ተተከለ፤ ገድሏም በ1664 ዓ.ም. ግድም ተጻፈ። ቆራጣም ንጉሥ የተቈጣው ሰው ሸሽቶ የሚጠለልበት ደብር ሆነ። ሰይፍ የሚያወርድ ንጉሥ በሰጠው መሬት ላይ ከሰይፍ የሚያመልጡበት ስፍራ መቆሙ ከታሪኳ ሁሉ ይልቅ ያስደንቀናል።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኦርቶዶክስን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርግ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ስም በጸሎት ሁሉ እንዲነሣ አዝዞ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ያስቀረችው ያው ስም ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ በሕግ ገባ ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖትን ለያየ፤ በ27ኛውም የእምነትን ነጻነት ደነገገ። ወረቀቱ ያለው ይህን ነው። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው፦ ሃይማኖታችን በተነካ ጊዜ የምንጮኸውን ያህል፣ ጎረቤታችን በሃይማኖቱ ሲገፋ እንጮኻለን ወይ? በወይና ደጋ ያሸነፉትም የተሸነፉትም ይህን ጥያቄ ሳይመልሱት አልፈዋል፤ ለእኛም አስተላልፈውልናል።