የሮታቬተር ፈልሳፊ አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ (1893–1971)

የቆቦና የራያ ቆላ አርሶ አደር ስለ እርሻ መሣሪያ ሲነሳ ቀድሞ የሚታየው ሞፈርና ቀንበር፣ ድግርና ወገል ነው። ይሁን እንጂ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ከኋላው የሚሽከረከሩትን ቢላዎች ያዩ አባላት ብዙ ናቸው። እነዚያን ቢላዎች ዛሬ በያዙት ቅርፅ የሠራው አውስትራሊያዊ ታሪኩ ቢታወቅ፣ አሮጌ ማሽን ሲገኝ ለይቶ ለማየትም ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ በ1893 ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ክሩክዌል በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበሩ፤ ልጁም ያደገው በእርሻ መካከል ነው። በ1910 ሞስ ቬል በተባለ ቦታ የምሕንድስና ሙያ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፤ ሲድኒ ውስጥም የማታ ትምህርት ተከታትሏል።

ያሳሰበው ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ማረሻ በተለመደው መንገድ ሲጎተት ከላይ ያለውን አፈር ቢፈታም ከሥር ያለውን ይጠቀጥቃል፤ የተጠቀጠቀው አፈር ውኃ አያሰርግም፣ ሥርም አያሳልፍም። በ1912፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ጊልጋንድራ በሚገኘው የአባቱ እርሻ ላይ አንድ ሙከራ አደረገ። የሞተሩን ኃይል ለመጎተት ብቻ ከማዋል ይልቅ፣ ከሞተሩ በሚመጣ ኃይል የሚሽከረከር መቆፈሪያ ሠራ። አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ተፈታ። ችግሩ ግን የመጀመሪያዎቹ ቢላዎች የቆፈሩትን አፈር ወደ ጎን እየበተኑ ማሳውን ያበላሹት ነበር።

መፍትሔውን ያገኘው ቢላዋውን በማጠፍ ነው። ጫፉ እንደ እግር መዳፍ ወደ ጎን የታጠፈ ቢላዋ፣ በቀጭን ዘንግ ላይ ተራርቀው በተገጠሙ ክብ ብረቶች ላይ አሰረ። የታጠፈው ጫፍ አፈሩን ከሥር ቆርጦ ያነሳል፤ ወደ ኋላም ይወረውረዋል፤ አፈሩ ከኋላ ካለው ክዳን ጋር ሲጋጭ ይደቃል። ክብ ብረቶቹ ስለተራራቁም አረምና ገለባ በቀላሉ አይጠመጠምባቸውም። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ማሽኑን ለገበሬ ጠቃሚ ያደረገው ይኸው እጥፋት ነው።

ኤቨራርድ ማክሊሪ ከተባለ የሥራ ባልደረባው ጋር ኩባንያ ቢያቋቁምም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዕቅዱን አሰናከለው። በ1919 ወደ አገሩ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1920 ባለ አምስት መቆፈሪያ ቢላዋና ባለ ሞተር ማሽን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1922 ኦስትራል አውቶ ካልቲቬተርስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ድርጅቱም ከ1927 ጀምሮ በሲድኒ ዳርቻ በኖርዝሚድ ይሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። በሞተር የሚሽከረከር መቆፈሪያ በማሰብ ሃዋርድ የመጀመሪያው አይደለም፤ ስዊዘርላንዳዊው ኮንራድ ፎን ሜየንበርግ ቀድሞታል። አሮጌ ማሽን ለመለየት የሚረዳውም ይኸው ልዩነት ነው። በሜየንበርግ መንገድ የተሠሩት ማሽኖች በስፕሪንግ የሚለጠጡ መንጠቆዎች አሏቸው፤ አፈሩን እየቧጨሩ ይፈታሉ። የሃዋርድ ቢላዋ ግን ደረቅና የታጠፈ ሆኖ በብሎን የታሰረ ነው።

ከውጭ የሚመጣው ፍላጎት እየበዛ በመሄዱ ሃዋርድ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በሐምሌ 1938 ሮታሪ ሆስ ሊሚትድ የተባለውን ኩባንያ በኤሴክስ አቋቋመ። ጄም የተባለው ባለ ሁለት ጎማ ማሽንም ከዚያ ወጣ፤ ዛሬም አሮጌ ማሽን የሚሰበስቡ ሰዎች ይፈልጉታል። ሮታቬተር የሚለው የንግድ ስም በላቲን ፊደል ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ ነው፤ በእኛ ፊደል ግን ይህ አይሠራም። ኩባንያው በጀርመን፣ በጣሊያን፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በብራዚልና በሌሎችም አገሮች ቅርንጫፎች ከፈተ። ሃዋርድ በ1971 አረፈ።

አሮጌ ማሽን የሚያይ አባል ቀለሙን ትቶ ቢላዋውን ይመልከት። የታጠፈው ጫፍ በልቶ ካለቀና ቀጥ ያለው ክፍል ብቻ ከቀረ፣ ማሽኑ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አያነሳም። የማርሽ ቤቱ ዘይት ማፍሰስ አለማፍሰሱም ይታይ። ቢላዋው ከጎማው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞር በደረቅ መሬት ላይ ማሽኑን ወደፊት ሊያስፈተልከው ይችላል፤ ያልለመደ ሰው ብቻውን አይያዘው። ደጋግሞ መፍጨትም ጉዳት አለው፤ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ዝናብ ሲመታው ከላይ ይጋገራል፣ ሃዋርድ የሸሸው ጥቅጥቅ አፈርም ከቢላዋው ሥር ተመልሶ ይፈጠራል። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ጎርፍ ጠጠርና ድንጋይ ባስቀመጠበት ማሳ ላይ ደግሞ ቢላዋው ይሰበራል፤ እዚያ በሬና ማረሻ ይሻላሉ።