በደረት ቀዘፋ ባሕር የተሻገረው ካፒቴን ዌብ

ባለፈው ሳምንት የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን አራቱን የውድድር ዋና ዓይነቶች ሰሌዳ ላይ ጽፈው አስተማሩን። እነሱም ነፃ ቀዘፋ፣ የጀርባ ቀዘፋ፣ የደረት ቀዘፋና የቢራቢሮ ቀዘፋ ናቸው። ከሁሉም የሚዘገየው የደረት ቀዘፋ እንደሆነ ሲነግሩን ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። እኔ የምችለው እሱን ብቻ ስለሆነ ልጆቹ እንቁራሪት ይሉኛል። እውነትም በደረት ቀዘፋ ሁለቱ እጆች አብረው ወደ ፊት ተዘርግተው ውሃውን ወደ ጎን ይከፍታሉ፤ እግሮችም እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ይወረወራሉ። ትንሽ ተናድጄ ቤተ መጻሕፍት ስገባ የማቲው ዌብን ታሪክ አገኘሁ።

ማቲው ዌብ እ.ኤ.አ. በ1848 እንግሊዝ አገር ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ። ዋና የተማረው በሰቨርን ወንዝ ውስጥ ነው። ገና በ12 ዓመቱ የመርከበኛነት ሥልጠና ጀመረ። በ1873 አንድ መርከበኛ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ሲወድቅ ዌብ ሊያድነው ዘሎ ገባ። ሰውየውን ማግኘት ባይችልም ለጀግንነቱ ሜዳሊያ ተሸለመ።

ከዚያ በኋላ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር በዋና ልሻገር ብሎ ተነሣ። ባሕሩ በጠባቡ ቦታ እንኳን 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1875 ሞከረ፤ ግን ነፋሱ ስለበረታበት አቋርጦ ወጣ። በ12ኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ሰውነቱን ቅባት ተቀብቶ ከዶቨር ወደብ ዘሎ ገባ። ጀልባዎች አጠገቡ እየሄዱ ቡናና የሥጋ መረቅ ያቀብሉት ነበር። ጄሊፊሽ የሚባል የባሕር እንስሳ ነደፈው። ፈረንሳይ ከቀረበ በኋላም የውሃው ግፊት አምስት ሰዓት ያህል ከዳር አላደርስ አለው። እሱ ግን በዚያችው በደረት ቀዘፋ ቀጠለ፤ ከ21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በኋላም ካሌ የምትባለው ከተማ ደረሰ። ያለ ምንም መንሳፈፊያ ያንን ባሕር በመሻገር የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ለጓደኞቼ ላሳይ ነበር። ገጹን ስገልጥ ግን መጨረሻውን አገኘሁት። ዌብ ሚስት አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዶ ነበር፤ ገንዘብም ያስፈልገው ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 1883 ከናያግራ ፏፏቴ በታች ያለውን አስፈሪ ወራጅ ውሃ ለመዋኘት ገባ። እዚያው ሞተ። ዕድሜው 35 ነበር።

እኔ ያሰብኩት ስለዚያ ነፋስ ስለነበረበት ቀን ነው። ያን ቀን አቋርጦ ባይወጣ ኖሮ ካሌ አይደርስም ነበር። ናያግራ ላይ ግን እንደዚያ አላደረገም።

እኛ ሰፈር ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል። ማን ይሻገራል እየተባባልን እንወራረዳለን። አምና እኔም ልብሴን አውልቄ ልገባ ስል ታላቅ እህቴ ደርሳ ጆሮዬን ይዛ ቤት ወሰደችኝ። ልጆቹ ፈሪ አሉኝ፤ እኔም እሷን አንድ ሳምንት አኮረፍኳት። ይህን ታሪክ አንብቤ ቤት ስገባ ግን መጀመሪያ ያወራሁት ለእሷ ነው። ዘንድሮ ወንዙ ሲሞላ እኔ አልገባም፤ እናንተም እንዳትገቡ። ውሃው ሲጎድል እንቁራሪት በሉኝና አብረን እንዋኛለን።