ሰማያዊ ሪባን ያሰረችው ልጅ ማን ናት?

ወርቃማ ቀይ ጸጉሯን ለቃ፣ ሰማያዊ ሪባን አስራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በጎን የምትታይ ልጅ። ይህ ሥዕል አንድ ቀን ስልካችሁ ላይ ሳያልፍ አይቀርም። ሠዓሊው ፈረንሳዊው ሬኗር ነው። ልጅቷ ኢሬን ካኸን ዳንቬር ትባላለች፤ ዛሬ የምንነግራችሁ የእሷን ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኢሬን በ1872 ከሀብታም አይሁዳዊ የባንክ ባለቤት ተወለደች። 8 ዓመት ሲሆናት አባቷ ሬኗርን አስጠርቶ አሳላት። ሬኗር ኢምፕሬሽኒስት ከሚባሉት ሠዓሊዎች አንዱ ነበር፤ ፊቷን ጥንቅቅ አድርጎ፣ ከኋላዋ ያለውን ቅጠል ግን በፈጣን ብሩሽ ሣለው። ቤተሰቡ አልወደደውም። የእሷንም የሁለት ታናናሽ እህቶቿንም ሥዕል ሠርቶ 1,500 ፍራንክ ብቻ ከፈሉት፣ ያውም አዘግይተው። የባንክ ባለቤት እኮ ነው!

በ19 ዓመቷ ሞይዝ ደ ካሞንዶ የሚባል ባለሀብት አገባች። ኒሲምና ቤያትሪስ ተወለዱ። ትዳሩ ግን አልቆየም፤ ሳምፒየሪ የሚባል ጣሊያናዊ ወዳ ወጣች፣ ካቶሊክም ሆነች። ኒሲም በ1917 አብራሪ ሆኖ ለፈረንሳይ ሲዋጋ ሞተ።

ሥዕሉን የወሰደችው ቤያትሪስ ነበረች። በ1941 ናዚዎች ዘረፉት፣ የሂትለር ቀኝ እጅ የነበረው ጎሪንግ እጅ ገባ። ቤያትሪስም ካቶሊክ ሆና ነበር። ወንድሟ ለአገሩ ሞቷል፤ አባቷ ቤቱን ከነሙሉ ዕቃው ለፈረንሳይ አውርሷል። አንዱም አላዳናትም። እሷ፣ የልጆቿ አባትና ሁለት ልጆቿ አውሽቪትዝ ውስጥ አለቁ። ሬኗር የሣላት የኢሬን እህት ኤልሳቤጥም ወደዚያው ስትወሰድ ሞተች። ኢሬንን ያተረፋት ጣሊያንኛ ስሟ ነው ይባላል።

ከጦርነቱ በኋላ ኢሬን የራሷን ሥዕል አስመለሰች። ብዙም ሳትቆይ፣ በ1949፣ ሸጠችው። ገዢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኤሚል ቡርሌ፣ ለናዚ ጀርመን ሳይቀር መሣሪያ የሸጠ የስዊዘርላንድ ባለፋብሪካ። ፋብሪካው ኦርሊኮን ይባላል። ለእኛም እንግዳ ስም አይደለም፤ በማይጨው ዘመን ጦራችን ጥቂት የኦርሊኮን መድፎች ነበሩት።

ልጇንና የልጅ ልጆቿን ያጣች ሴት ያን ሥዕል ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ እንድትኖር እኛ ከሰሚት ሆነን አንፈርድባትም። የገዢው ነገር ግን ይከነክነናል። ኢሬን በ1963፣ በ91 ዓመቷ አረፈች። የ8 ዓመቷ ኢሬን አሁን ዙሪክ ሙዚየም ውስጥ ናት፣ በቡርሌ ስብስብ ስም።