ካርል ላንድስታይነር፦ የደምን ዓይነት የለየው ሐኪም



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በየጠዋቱ በታክሲ ተጋፍታችሁ ግቢ የምትደርሱ፣ በሰፈራችሁ የደም ዓይነት ተመርምራችሁ ከሆነ ነገሩን አይታችሁታል። ጣት ይወጋል፤ ደሙ በመስታወት ላይ ይንጠባጠባል፤ በአንዱ ጠብታ ላይ ሰማያዊ፣ በሌላው ላይ ቢጫ ፈሳሽ ይጨመራል። በሰማያዊው ከጓጎለ ኤ፣ በቢጫው ከጓጎለ ቢ፣ በሁለቱም ከሆነ ኤቢ፣ በአንዳቸውም ካልጓጎለ ኦ ነው። በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት ይህቺ የአፍታ ሥራ የሞት ሽረት ጉዳይ ናት።

የዚህ ሥራ ባለቤት ላንድስታይነር በ1868 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ ተወለደ። ጋዜጠኛ አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እናቱ ናቸው። በ1891 በቪየና ሐኪም ሆኖ ቢመረቅም በሽተኛ ከማከም ይልቅ ኬሚስትሪ ሳበው። ከመምህራኑ አንዱ በስኳር ኬሚስትሪ የታወቀው ኤሚል ፊሸር ነበር፤ ይህን ስም ያዙልኝ።

በዚያን ዘመን ደም የተሰጠው ሰው አንዳንዱ ይድናል፣ ሌላው እዚያው ይሞታል። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። ላንድስታይነር ከራሱና ከሥራ ባልደረቦቹ ደም ቀድቶ፣ ቀይ ሴሉን ከፈሳሹ ለይቶ፣ የአንዱን ከሌላው ጋር ቀላቀለ። አንዳንዱ ጓጎለ፣ አንዳንዱ አልጓጎለም። ጤነኛ ሰዎች ነበሩና በሽታ ነው ማለት አይቻልም። በ1901 ሦስት ዓይነት ደም መኖሩን አሳተመ፤ አራተኛውን፣ ኤቢን፣ ባልደረቦቹ በዓመቱ ጨመሩ።

ዓለም ግን ቶሎ አልሰማውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪየና ተራበች፤ እሱም በ1919 ወደ ሆላንድ ተሰዶ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል ተራ የላብራቶሪ ምርመራ ሲሠራ ቆየ። ያን የሚያህል ሰው! በ1923 ኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም ተቀበለው፤ በ1930 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ በ1940 ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር አርኤች የተባለውን ይፋ አደረገ። በሰኔ 1943 ላብራቶሪው ውስጥ እየሠራ ሳለ ልቡ ታወከ፤ በሁለተኛው ቀን አረፈ።

ኤንና ቢን የሚለያቸው ምን እንደሆነ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ሞርጋንና ዋትኪንስ እንዳሳዩት ልዩነቱ በሴሉ ገጽ ላይ ካለው የስኳር ሰንሰለት ጫፍ የተቀመጠች አንዲት የስኳር ሞለኪውል ናት። የፊሸር ተማሪ ዕድሜውን ሙሉ ሲከተል የኖረው ስኳር ነበር ማለት ነው። ያ ሰማያዊና ቢጫ ፈሳሽም ይህቺኑ ስኳር የሚለይ አንቲቦዲ ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚመረተው፣ ኮህለርና ሚልስታይን በ1975 ባሳወቁት ዘዴ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከሚራቡ ሴሎች ነው።