ከመልመጃ ሉህ የተነሣው ሠዓሊ
(የቪንሰንት ቫን ጎግ ሕይወት ባጭሩ)



ስለ ሥዕል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንለው አንድ ነገር አለ። ሥዕል አብሮ የሚወለድ ጸጋ ነው፣ ያልተሰጠው ሰው ቢታገልም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው እንላለን። ለዚህ ማስረጃ አምጡ ሲባልም ቶሎ የሚጠራው ስም ቪንሰንት ቫን ጎግ ነው። እብድ ነበር፣ ጆሮውን ቆረጠ፣ ሊቅ ነበር፣ ወሬው ብዙ ነው። ያልተወራለት ግን ለእኛ ለእጩ መምህራን የበለጠ ይቀርበናል። ይህ ሰው እስከ 27 ዓመቱ ድረስ ሠዓሊ አልነበረም። ከዚያ በፊት መምህር ሆኖ ያውቃል። ሥዕሉንም አጥብቆ የያዘው በተዋሰው የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ አንዱን ሉህ ከሌላው እያስከተለ በመገልበጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫን ጎግ የተወለደው ማርች 30 ቀን 1853 በሆላንድ ደቡብ ዙንደርት በምትባል መንደር ነው። አባቱ ፓስተር ነበሩ። እናቱ በትርፍ ጊዜያቸው ንድፍና የውሃ ቀለም ይሞክሩ ነበር። በቲልበርግ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የሥዕል መምህሩ ኮንስታንት ሃይስማንስ ሆኑ። እኒህ ሰው ራሳቸው የሥዕል ማስተማሪያ ያሳተሙ የታወቁ መምህር ነበሩ። ታዲያ ይኸን የመሰለ መምህር አግኝቶም ልጁ በ1868 ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። በ16 ዓመቱ በአጎቱ በኩል ጉፒል በተባለው የሥዕል ነጋዴ ኩባንያ ውስጥ ሥራ ያዘ። በሄግ፣ በለንደንና በፓሪስ ቅርንጫፎች ሠራ፤ በ1876 ግን ተሰናበተ።

መምህር የሆነው ያኔ ነው። በእንግሊዝ አገር ራምስጌት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንዲት ትንሽ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች። ተማሪዎቿ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 የሆነ 24 ወንዶች ልጆች ነበሩ። ቫን ጎግ ፈረንሳይኛና ሒሳብ ያስተምራል፣ የቃል ጽሕፈት ይሰጣል፣ ከዚያም ውጭ ልጆቹን ይጠብቃል። ደመወዙስ? ምግብና አልጋ ብቻ! (የኪስ ገንዘብ አነሰን የምንል ሰዎች ይህችን ልብ እንበል።) ከትምህርት ቤቱ መስኮት የሚታየውን መንገድና ባሕር በትንሽ ወረቀት ስሎ ለቤተሰቡ ልኮ ነበር። ትምህርት ቤቷ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ለንደን አጠገብ ወደ አይልዎርዝ ስትዛወር አብሮ ሄደ፤ እዚያም ሌላ ቄስ የሚመሩት ትምህርት ቤት ተቀጠረ። በዓመቱ መጨረሻ ግን መምህርነቱን ተወው።

ቀጥሎ ያለውን በፍጥነት እንለፈው። መጽሐፍ መደብር ውስጥ ሠራ፤ አልሆነም። ቄስ ለመሆን በአምስተርዳም ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ አጠና፤ በ1878 አቋረጠ። ከዚያ ወደ ቤልጂግ ሄዶ ቦሪናዥ በተባለው አገር ለድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ወንጌል ሰባኪ ሆነ። ልብሱን ለድሆች እየሰጠ እንደ እነርሱ መኖር ሲጀምር የላኩት ሰዎች አልወደዱለትም፤ በ1879 ውሉን ሳያድሱለት ቀሩ። ሥራ የለው፣ ሙያ የለው፣ ዕድሜው እየሄደ ነው። ወላጆቹ እጅግ ያዝኑበት ነበር። ከመካከላችን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ካለ ይህ ስሜት አይጠፋውም።

በ1880 ነሐሴ ላይ፣ ኩዌም በምትባል የማዕድን ሠፈር ሆኖ፣ ሠዓሊ ለመሆን ቆረጠ። አካዳሚ የለ፣ አስተማሪ የለ። መጽሐፍ ፈለገ። ያገኘው የሻርል ባርግን የሥዕል ኮርስ ነው።

ስለዚህ ኮርስ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ስለሆነ። መጽሐፍ እንበለው እንጂ የተጠረዘ አይደለም፤ 197 የታተሙ ትልልቅ ሉሆች ናቸው። ባርግ ከታወቀው ሠዓሊ ከዣን ሌዎን ዤሮም ጋር ሆኖ አዘጋጀው፤ ከ1866 እስከ 1871 ባለው ጊዜ ታተመ። የመጀመሪያዎቹ 70 ሉሆች ከጀሶ ቅርጽ የተሳሉ ናቸው፤ እግር፣ እጅ፣ ፊት፣ ሙሉ ሰውነት። ቀጥሎ ከታላላቅ ሠዓልያን ሥራ የተወሰዱ 67 ሉሆች ይመጣሉ። መጨረሻው በከሰል የሚሠሩ 60 የሰው ገላ መልመጃዎች ናቸው። ከጀሶ ቅርጾቹ በብዙዎቹ ላይ ካለቀው ሥዕል ጎን በቀጥታ መስመር ብቻ የተነደፈ አጽሙ ይታያል። ተማሪው መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ያሉትን ነጥቦች በቀጥታ መስመር ያገናኛል፤ ማዕዘኑን በዓይኑ ይለካል። ቀጥሎ መስመሩን እየሰበረ ወደ እውነተኛው ቅርጽ ያስጠጋል። ጥላ የሚገባው ከሁሉ በኋላ ነው። እኛ በትምህርት ዝግጅት ከቀላል ወደ ከባድ የምንለው ማለት ነው።

አሳታሚው ማን መሰላችሁ? ያው ያሰናበተው ጉፒል ኩባንያ! ሉሆቹን ያዋሰውም በሄግ ቅርንጫፍ አለቃው የነበረው ቴርስቴግ ነው።

ቫን ጎግ ያኔ የሚኖረው በአንድ የማዕድን ሠራተኛ ቤት ነበር። ክፍሏ ጠባብ፣ ብርሃኗ ደካማ፣ አልጋዎቿ ሁለት፤ አንዱ የእርሱ፣ ሌላው የቤቱ ልጆች። አየሩ ሲፈቅድለት ወደ ጓሮ ወጥቶ ይስላል። በዚያች ክፍል 60ዎቹን የከሰል መልመጃዎች በሳምንታት ውስጥ ጨረሳቸው። ወደ ሌሎቹም ሉሆች ተሻገረ። በዓመቱ ወላጆቹ ቤት፣ ኤተን፣ ተመልሶ እንደገና ሠራቸው። የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሚሌን ዘሪውን ገበሬ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አምስት ጊዜ ገልብጦታል።

እዚህ ላይ ጥያቄ አለ። መገልበጥ ትምህርት ነው ወይስ ኩረጃ? በኛ ክፍል ከጓደኛው ደብተር የገለበጠ ተማሪ ይቀጣል። እንደኔ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሚኮርጅ ልጅ የሚፈልገው መልሱን ነው፤ መንገዱ አያገባውም። ባርግን የሚገለብጥ ሰው ግን መልሱ ፊቱ ላይ ተሰቅሎለታል፤ የሚማረው እዚያ የሚደረስበትን መንገድ ነው። የሳለውን ከሉሁ ጋር ሲያስተያይ ክንዱ መርዘሙን፣ ትከሻው መውረዱን ራሱ ያያል። የሚቆጣው የለም፣ የሚስቅበትም የለም። ለ27 ዓመት ጎልማሳ ይኸ ቀላል ነገር አይደለም እኮ!

ሆኖም መጽሐፉ ሁሉን አላስተማረውም። የዚያን ጊዜ ሥራዎቹን ያየ ሰው ሰዎቹ እንደ እንጨት የደረቁ መሆናቸውን መካድ አይችልም። ስለዚህ ከካሳኝ መጽሐፍ የርቀት አሳሳልን፣ ከሐኪሞች መጽሐፍ ደግሞ የአጥንትና የጡንቻን አቀማመጥ አጠና። በኤተን ገበሬዎችን አቁሞ ሲቆፍሩና ሲዘሩ ሳላቸው።

የመጀመሪያ ሙሉ የቀለም ዕቃውን ያገኘው በዚሁ በ1881 መጨረሻ ላይ ነው። የአጎቱን ልጅ ያገባው የሄግ ሠዓሊ አንቶን ሞቭ ሣጥን ላከለት፤ የዘይት ቀለም፣ ቡሩሽ፣ የቀለም ማደባለቂያ ገበታ፣ የቀለም ቢላዋ፣ ዘይትና ተርፔንታይን ተሟልቶበት ነበር። ሞቭ ደግ ሰው ነበር፤ የውሃ ቀለምንና የዘይት ቀለምን መጀመሪያ ያሳየው እርሱ ነው። ነገር ግን ብዙ አልቆየም። በ1882 ሞቭ ከጀሶ ቅርጽ እንዲስል አጥብቆ ነገረው። ቫን ጎግ ተናደደ፤ ቤቱ ሄዶ የጀሶ ቅርጾቹን ወደ ከሰል ማስቀመጫው ወርውሮ ሰባበራቸው። ወዳጅነታቸውም ቀዘቀዘ።

ይህን ሳነብ ገርሞኛል። በባርግ ሉሆች ላይ ያንኑ ጀሶ ሳያጉረመርም ይገለብጥ የነበረ ሰው፣ አስተማሪ ሲያዘው ለምን አሻፈረኝ አለ? ግትር ስለነበረ ነው የሚሉ አሉ፤ ግትርነቱስ እውነት ነው። እኔ ግን ጥፋቱን በሙሉ በተማሪው ላይ መጫን አልፈልግም። ቫን ጎግ እንደጻፈው ሞቭ የነገረው በንቀት ቃና ነበር። መልመጃው ያው አንድ ነው፤ አነጋገሩ ግን ተለወጠ።

ከዚያ ወዲያ እንደገና ወደ መጽሐፉና ወደ ራሱ ብልኃት ዞረ። በ1882 የበጋ ወራት የርቀት መመልከቻ አሠራ። ሁለት ረጃጅም እግር ያለው የእንጨት ማዕቀፍ ነው፤ እግሮቹ አሸዋና ጭቃ ላይ እንዲተከሉ ጫፋቸው ብረት ገብቶለታል። በማዕቀፉ ውስጥ ክሮች ቀጥና አግድም፣ ከማዕዘን ማዕዘንም ተወጥረዋል። ባሕሩን ወይም መንደሩን በክሮቹ መካከል ያያል፤ ወረቀቱም ላይ እነዚያኑ መስመሮች ይስላል። የትኛው ጣሪያ ከየትኛው መስመር በታች እንደሚውል ክሩ ይነግረዋል። እንጨት፣ ምስማርና ሲባጎ ካለ እዚሁ ልንሠራው የምንችል የትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው።

በ1883 መጨረሻ ወላጆቹ ወዳሉበት ወደ ኑነን መንደር ሄደ። ሸማኔዎቹን ከነመጠቅለያቸው፣ ገበሬዎቹን ከነድንች ማሳቸው ሳለ። ለኛ ግን የሚያስደስተው ሌላ ነው፤ እዚያ እንደገና አስተማሪ ሆነ! በ1884 በአቅራቢያው በአይንድሆቨን ከተማ በትርፍ ጊዜያቸው ሥዕል ለመማር የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጡረታ የወጣ ወርቅ ሠሪ፣ አንዱ ቆዳ አልፊ፣ አንዱ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው። ቫን ጎግ ጠርሙስ፣ ማሰሮና ገንቦ ደርድሮ ያንን ሳሉ ይላቸዋል። ገንዘብ አይቀበልም፤ ክፍያው የቀለም ቱቦ ነው። ወርቅ ሠሪው የመመገቢያ ክፍሉን በቅዱሳን ሥዕል ሊያስጌጥ አስቦ ነበር፤ ቫን ጎግ የገበሬ ኑሮ ይሻልሃል ብሎ ስድስት ሥዕሎች አዘጋጀለትና ሰውየው ራሱ እየገለበጠ ግድግዳው ላይ ሠራቸው። ከሉህ የተማረው ሰው የሌላ ሰው ሉህ ሆነ ማለት ነው። ቆዳ አልፊው ኬርሴማከርስ በኋላ ሠዓሊ ወጣው፤ ስለ አስተማሪውም ትዝታውን ጽፏል።

ቀለምንም የተማረው ከመጽሐፍ ነው። ሻርል ብላን የተባለው ጸሐፊ ተቃራኒ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንዴት እንደሚደምቁ ያስረዳል፤ ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከብርቱካን፣ ቢጫ ከሐምራዊ። ቫን ጎግ ይህን አንብቦ ዝም አላለም። ቀለም ውድ ስለሆነ የሱፍ ክር ልቃቂቶች ሰብስቦ በሣጥን አስቀመጠ፤ ክሮቹን እያጣመረ የትኛው ከየትኛው እንደሚስማማ ይሞክር ነበር።

በ1886 መጀመሪያ አንትወርፕ አካዳሚ ገባ፤ ከመምህራኑ ጋር አልተስማማም፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ወደ ፓሪስ ወደ ወንድሙ ወደ ቴዎ ሄደ። የአካዳሚው ዳኞች ወደ ጀማሪዎች ክፍል እንዲወርድ ሲወስኑ እርሱ ከሄደ ሰንብቷል። በፓሪስ ቀለሙ በራ። በ1888 በደቡብ ፈረንሳይ በአርል የሱፍ አበባዎቹንና ያንኑ ዘሪውን ገበሬ፣ አሁን በትልቅ ቢጫ ፀሐይ ሥር፣ ሳለ። በዓመቱ መጨረሻ ያ የታወቀው ሕመም መጣ። ከሜይ 1889 ጀምሮ አንድ ዓመት በሳን ሬሚ የአእምሮ ሕመምተኞች መጠለያ ቆየ።

እዚያ ምን አደረገ? ገለበጠ። ወደ ሜዳ መውጣት ባልቻለባቸው ቀኖች ከሚሌ፣ ከደላክሯና ከሬምብራንት ሥራዎች የታተሙ ጥቁርና ነጭ ምስሎችን አስቀምጦ በራሱ ቀለም ሠራቸው። የሚሌዎቹ ብቻ ሃያ ያህል ናቸው። ሙዚቀኛ የሌላውን ዜማ በራሱ ስልት እንደሚጫወተው ያለ ሥራ ነው። በሜይ 1890 ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦቨር መንደር ተዛወረ። እዚያ ሆኖ ከ850 በላይ ከሚሆኑት የዘይት ሥዕሎቹ አብዛኛውን ጨርሶ ሳለ፣ ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ የባርግን የከሰል መልመጃዎች እንዲልክለት ለመነ። የጀመረበትን ሉህ! እንደገና ሊገለብጣቸው፣ ግልባጩንም ለራሱ ሊያስቀር ነበር።

ጁላይ 29 ቀን 1890 ራሱን በተኮሰው ጥይት ሞተ፤ ዕድሜው 37 ነበር። ወንድሙ ቴዎም ስድስት ወር አልሞላውም፣ ተከተለው። ሥዕሎቹንና ደብዳቤዎቹን ጠብቃ ለዓለም ያደረሰችው የቴዎ ሚስት ዮሐና ናት፤ ከማግባቷ በፊት የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። ደብዳቤዎቹን በ1914 አሳተመቻቸው። ከኑነን ዘመን የቀረችው የክር ሣጥን ዛሬ በአምስተርዳም፣ በ1973 በተከፈተው በስሙ በሚጠራው ሙዚየም ትገኛለች። 16 ልቃቂቶች አሉባት፤ በአንዳንዶቹ ላይ ሁለትና ሦስት ቀለም ክር አንድ ላይ ተጠቅልሏል።