ጆርጅ ካድበሪና የቦርንቪል መንደር

ጆርጅ ካድበሪ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ የካካዎና የቸኮላታ ነጋዴ ነበረ። በ1861 ዓ.ም. ጆርጅና ታላቅ ወንድሙ ሪቻርድ የአባታቸውን ሥራ ተረከቡ። በዚያን ጊዜ ንግዱ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበረ፤ እነርሱ ግን ከእናታቸው የወረሱትን ገንዘብ አግብተው፥ ከጧት እስከ ማታ እየደከሙ አቀኑት።

ጆርጅ እሑድ እሑድ ጧት፥ በልጅነታቸው ላልተማሩ ጐልማሶች ንባብና ጽሕፈት ያስተምር ነበረ። ይህንም 50 ዓመት ያህል ሠራ። ተማሪዎቹን ሊጠይቅ ወደየቤታቸው ሲሄድ፥ ቤቶቹ የተጣበቁ፥ ብርሃንና ንጹሕ አየር የማይገባባቸው መሆናቸውን አየ። ሰውን ማስተማር ብቻ እንደማይበቃ፥ የሚኖርበትም ስፍራ መልካም ሊሆን እንደሚገባው ከዚያ ተረዳ።

በ1879 ዓ.ም. ወንድማማቾቹ ፋብሪካቸውን ከከተማው ጢስ አውጥተው፥ 4 ማይል ያህል ርቆ ወደሚገኝ ገጠር ወሰዱት። በአጠገቡ ቦርን የሚባል ትንሽ ወንዝ ስለ ነበረ፥ ስፍራውን ቦርንቪል አሉት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማው ወደዚያ እየሰፋ መጣ። ጆርጅም ትርፍ ፈላጊዎች መሬቱን ገዝተው የተጣበቀ ቤት እንዳይሠሩበት ፈርቶ፥ በ1893 ዓ.ም. 120 ኤክር መሬት በራሱ ገንዘብ ገዛ። በ1895 ዓ.ም. የቤቱ ሥራ ተጀመረ። እያንዳንዱ ቤት የአትክልት ቦታ ነበረው፤ የፍሬ ዛፍም ተተከለለት። ቤቱ ከመሬቱ ከአራት እጅ አንዱን እጅ እንዳያልፍ ተወሰነ። መጠጥ ቤት አልተፈቀደም። መንደሩም ለፋብሪካው ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን ለሌሎች ሰዎችም ሆነ።

ነገር ግን ከፊተኞቹ ገዢዎች አንዳንዶቹ ቤታቸውን በትርፍ መሸጥ ጀመሩ። ጆርጅ ይህን ባየ ጊዜ፥ መልካሙ ሥራ በገንዘብ ፍቅር እንዳይፈርስ አሰበ። በ1900 ዓ.ም. 330 ኤክር መሬትና ከ300 የሚበልጡ ቤቶች ያሉበትን መንደር ለባለአደራዎች ማኅበር ሰጠ። ከኪራይ የሚተርፈው ገንዘብ ለመንደሩና ለመልካም ቤት ሥራ እንጂ፥ ለእርሱም ለልጆቹም እንዳይሆን ተጻፈ።

በ1911 ዓ.ም. ቦርንቪል ከበርሚንግሃም ከተማ ጋር ተጠቃለለ። ጆርጅ በ1922 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ሞተ፤ ማኅበሩ ግን መንደሩን እስከ ዛሬ ይጠብቃል፤ ዛፎቹና የአትክልት ቦታዎቹም አልጠፉም።

ሀብት ለማግኘት የሚደክሙ ብዙዎች ናቸው። ያገኘውን ከገዛ እጁ አውጥቶ ለሚመጣው ትውልድ የሚያቈይ ግን ሥራው ከዕድሜው ይረዝማል።