ኖርበርት ዊነር፤ በአራት የትምህርት ዘርፎች የታየ አንድ ጥያቄ

የኮሌጅ ትምህርት በየዘርፉ የተከፋፈለ ነው። ተማሪው ጠዋት የባዮሎጂ፣ ረፋዱ ላይ የሂሳብ፣ ከሰዓት በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ጥያቄ ሲሠራ ይውልና ማታ ደግሞ የወለድና የአክሲዮን ስሌት ይጠብቀዋል። ለእያንዳንዱ ትምህርት የተለየ ደብተር፣ የተለየ መምህርና የተለየ ፈተና ስላለው፣ ጥያቄዎቹም እንደ ደብተሮቹ የተለያዩ መስለውት የሚመረቅ ብዙ ነው። ይህ አከፋፈል ለማስተማር እንዲያመች የተደረገ መሆኑን ከኖርበርት ዊነር ሕይወት የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ ማግኘት ያዳግታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊነር በኅዳር 1894 በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ በተባለች ከተማ ተወለደ። በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የስላቭ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር የሆነው አባቱ ሌዎ ዊነር ልጁን በአብዛኛው በቤቱ ውስጥ ራሱ አስተማረው፤ አስተማሪነቱም እጅግ ጥብቅ ነበር። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው ዓይኑ እየደከመ በመሄዱ ሐኪም ለስድስት ወር እንዳያነብ ከለከለው። ሆኖም ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ በቃል እየተነገረው የሂሳብ ጥያቄዎችን ያለ ወረቀት በሐሳቡ መሥራት ለመደ። በ11 ዓመቱ ተፍትስ ኮሌጅ ገብቶ በ1909፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ በሂሳብ ዲግሪውን ተቀበለ።

ልቡ ግን ወደ ባዮሎጂ ያደላ ስለነበር በዚያው ዓመት በሃርቫርድ የእንስሳትን ጥናት ጀመረ። የቤተ ሙከራ ሥራ የረጋ እጅና የጠራ ዓይን ይጠይቃል፤ ዊነር ደግሞ ሁለቱንም አልታደለም። ስለዚህ ጥናቱ ሳይሳካለት ቀረ። በአባቱ ውሳኔ ወደ ፍልስፍና ዞሮ መጀመሪያ በኮርኔል፣ ቀጥሎም በሃርቫርድ ተማረና በ1913፣ በ18 ዓመቱ፣ በሂሳባዊ ሎጂክ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። በመዝገብ ላይ የተጻፈውን ብቻ ያየ ሰው የዊነርና የባዮሎጂ ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ ብሎ በፈረደ ነበር።

ከዚያም በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከበርትራንድ ራስል ዘንድ ሲማር፣ ራስል ሂሳብን በጥልቀት እንዲያጠናና አይንስታይን በ1905 ያሳተማቸውን ጽሑፎች እንዲያነብ መከረው። ከእነዚህም አንዱ በውሃ ላይ የተንሳፈፈ ጥቃቅን ብናኝ ከየአቅጣጫው በሚገፉት የውሃ ቅንጣቶች ምክንያት እንዴት እንደሚዋልል የሚያስረዳ ነበር። ዊነር በ1919 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሂሳብ መምህር ሆኖ ከተቀጠረ በኋላ በዚህ እንቅስቃሴ ላይ ሠርቶ በ1923 ጥብቅ የሂሳብ መሠረት ሰጠው። የብናኙ መንገድ የማይቋረጥ ነው፤ ሆኖም በየትኛውም ነጥብ ላይ ታካኪ መስመር ሊሰመርለት አይቻልም። ርቀቱም የሚያድገው በጊዜው ካሬ ሥር መጠን ነው፤ ማለትም ጊዜው አራት እጥፍ ሲሆን የሚጠበቀው ርቀት ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል።

በዚያው ተቋም የነበሩ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች በበኩላቸው ሌላ ችግር ይዘው መጡ። ኦሊቨር ሄቪሳይድ ያወረሳቸው የስሌት ዘዴ ትክክለኛ ውጤት እየሰጠ ቢያገለግላቸውም፣ ምክንያቱ በሂሳብ አጥጋቢ ሆኖ አልተረጋገጠም ነበር። ዊነር በ1926 ባሳተመው ጽሑፍ ዘዴውን በሂሳብ መሠረት ላይ ለማቆም ጣረ። እንዲሁም በስልክ ሽቦ ላይ የሚሰማው ሁካታ እንደ ብናኙ መዋለል ያለ ነገር መሆኑን በመረዳቱ፣ ሥርዓት የለሽ የሚመስለውን ሞገድ በድግግሞሽ መጠኑ የሚተነትን ሂሳብ በ1930 አቀረበ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ከመሐንዲሱ ጁሊያን ቢጌሎ ጋር የአየር መቃወሚያ መድፍን ችግር ያዘ። ጥይቱ እስኪደርስ አውሮፕላኑ ቦታውን ስለሚለቅ፣ ተኳሹ ማነጣጠር ያለበት አውሮፕላኑ ወደፊት ወደሚገኝበት ሥፍራ ነው። ዊነር በሁካታ ከተበረዘ መረጃ ውስጥ እውነተኛውን ምልክት በትንሹ ስሕተት ለይቶ የሚያወጣና የሚተነብይ ስሌት በ1942 አዘጋጀ። መሣሪያው በጦርነቱ ላይ አልዋለም፤ ስሌቱ ግን ዛሬም በዊነር ማጣሪያ ስም በየኤሌክትሮኒክስ መማሪያው ይገኛል።

ባዮሎጂም የተመለሰችው በዚህ ሥራ መካከል ነበር። መድፉ ስሕተቱን እየለካ ራሱን ያርማል፤ እርማቱ ከመጠን በላይ ሲበረታ ግን ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ዊነርና ቢጌሎ ይህን የመሰለ ሕመም በሰው ላይ ይታይ እንደሆነ የሜክሲኮውን የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርቱሮ ሮዘንብሉትን ጠየቁት። እሱም እንደሚታይ ነገራቸው፤ የአንጎሉ የኋላ ክፍል የተጎዳ ሰው ብርጭቆ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ እጁ እየተወዛወዘ ዒላማውን ይስታል። ሦስቱም ይህን ሐሳብ በ1943 በጋራ አሳተሙ። በ1946 ደግሞ ዊነርና ሮዘንብሉት የልብ ጡንቻ ምልክት እንዴት እንደሚያስተላልፍ በሂሳብ የሚገልጽ ጥናት አወጡ። ቤተ ሙከራውን ሮዘንብሉት የሚያውቀው ሲሆን ስሌቱን ዊነር አመጣ፤ በ14 ዓመቱ እጁ ያልታዘዘለት ሰው ባዮሎጂን በባልንጀራው እጅ ሠራት። በ1948 የወጣው ሳይበርኔቲክስ የተሰኘው መጽሐፉም ለሮዘንብሉት የተበረከተ ነው።

አራተኛው ዘርፍ ፋይናንስ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ባሽልየ በ1900፣ ከአይንስታይን አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የአክሲዮን ገበያን ዋጋ እንደ ብናኙ በዕድል እንደሚዋልል አድርጎ አስልቶ ነበር። በ1973 ፊሸር ብላክ፣ ማይረን ሾልስና ሮበርት መርተን አክሲዮንን ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ስንት እንደሚያወጣ ያሰሉት የዊነርን እንቅስቃሴ መሠረት አድርገው ነው። የአንድ ወርን የዋጋ መዋዠቅ ወደ ዓመት የሚለውጥ ተማሪ በ12 ሳይሆን በ12 ካሬ ሥር፣ ማለት በ3.5 ገደማ፣ የሚያበዛው ስለዚህ ነው። ዊነር ራሱ ግን ስለዚህ ዓይነቱ አጠቃቀም ጥርጣሬ ነበረው። የኢኮኖሚ መረጃ ዘመኑ አጭር እንደሆነና የጨዋታው ሕግም በየጊዜው እንደሚለዋወጥ በማሰብ፣ ሂሳቡን እንዳለ ወስዶ በዚያ ላይ መጫን እንደማይገባ በመጨረሻው መጽሐፉ አስጠንቅቋል። ይህም ከድል ታሪኩ ባልተናነሰ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ አንድ ስሌት ከዘርፍ ወደ ዘርፍ ሲሻገር መነሻ ግምቶቹም አብረው መፈተሽ አለባቸውና።

የሙያ ኃላፊነትንም አልዘነጋም። በጦርነቱ ጊዜ ያዘጋጀውን ጥናት ለሚሳይል ሥራ እንዲሰጥ ሲጠየቅ እምቢ ማለቱን በ1947 ለሕዝብ ይፋ አደረገ። በ1949 ደግሞ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩ ፋብሪካዎች ሠራተኛውን ከሥራ እንዳያፈናቅሉ በመስጋት ለአሜሪካ የአውቶሞቢል ሠራተኞች ማኅበር መሪ ጻፈ። በጥር 1964 የአገሩን ከፍተኛ የሳይንስ ሜዳይ ተቀበለና በዚያው ዓመት መጋቢት 18 ቀን ለጉብኝት በሄደበት በስቶክሆልም በ69 ዓመቱ አረፈ።

እኛ የሙያው ባልደረቦች ወጣት መሐንዲሶችን ስንቀጥርና ስናሠለጥን ብዙ ጊዜ የምንመለከተው በየትኛው ክፍል ምን ውጤት እንዳመጡ ነው። የዊነር ውጤት በዚህ ሚዛን ቢመዘን ኖሮ በባዮሎጂ የወደቀ፣ በኤሌክትሮኒክስና በፋይናንስ ያልተማረ ሰው ይባል ነበር። እሱ ግን በሄደበት ሁሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ሁሉ መዋለል ውስጥ እውነተኛው ምልክት የቱ ነው? ስሕተቱስ ተለክቶ የሚመለሰው በምን መንገድ ነው? መልሱ በሌላ ሰው ሙያ ውስጥ ሲሆንበትም ያንን ሰው ፈልጎ ይጠይቅ ነበር።